አንድ ቁጥር ፍሪጅ

ለክትባት በተገዛ ፍሪጅ ውስጥ የቅርጫ ሥጋ አይቶ የሚያውቅ ሰው ስለ መሥሪያ ቤታችን ሌላ ባይነገረውም ይበቃዋል። እኔ አይቻለሁ። በጋዜጣ የተጠቀለለ ጎድን፣ ከጎኑ በፌስታል የታሰረ ቅቤ፣ ከሥር የረጋ ደም። ደምመላሽ እባላለሁ፤ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከደብረ ታቦር እየተነሣሁ ከጉና ሥር ያሉትን መንደሮች መርፌ ይዤ ስዞር ሳጥኔን የምሞላው ከዚያ መጋዘን ነበር። ዛሬ የማወራው ግን ስለ ራሴ አይደለም። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር በትክክል ስለሠራችው ስለ ካሰችና በትክክል መሥራቷ ስላመጣባት መዘዝ ነው።

ካሰች ወደ ጋይንት በሚወስደው መንገድ፣ ከጉና ግርጌ፣ ገብስና ድንች በሚበቅልበት አገር ተወለደች። የአሥረኛ ክፍል ውጤት ሳይመጣላት ሲቀር በአሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ኩዌት ሄደች፤ ሰባት ዓመት የሰው ቤት ጠረገች። ከሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ሜሪ ትባል ነበርና እሷንም ሜሪ አሏት። ከሷ በኋላ የመጣችውንም ሜሪ እንዳሏት አልጠራጠርም። ይኼን ምሳ ላይ እየሳቀች ታወራዋለች፤ እኔ ግን ደሜ ይፈላ ነበር። የላከችው ብር ለወንድሞቿ ሠርግና ለቤት ቆርቆሮ አለቀ። ስትመለስ ከሰባት ዓመቱ የቀረላት ነገር ቢኖር እናቷ እማማ እቴነሽ ለማንም ሳይሰጡ ያቆዩላት አሥራ አንድ በጎች ናቸው።

አልቅሳ አልተቀመጠችም። ከታናናሾቿ እኩል ቴክኒክና ሙያ ገብታ ሁለት ዓመት ኮምፒውተር ተማረች፤ ከዚያ እኛ ጋ ተቀጠረች። የሥራ መደቧ ስም ረጅም ነው፤ ሥራው ግን የኛን ሪፖርት መተየብ ነበር። በመጀመሪያው ቀን የመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ አቶ ይሻው "ዓረብ አገር ነበርሽ አሉ፤ እንግዲያ ጽዳቱም አያቅትሽም" አሏትና ሳቁ። ሁላችንም አብረን ሳቅን። እኔም ስቄያለሁ።

መጋዘኑ ውስጥ ሁለት ፍሪጅ አለ። ቀኙ አዲስ ነው፣ ቁጥር አንድ። ግራው አሮጌ ነው፣ ቁጥር ሁለት፤ የበሩ ጎማ ተቀዶ ቅዝቃዜ በወጉ አይይዝም፣ ስለዚህም የሠራተኛው ሥጋ ማስቀመጫ ሆኗል። በሁለቱም ውስጥ አንድ ዓይነት ቴርሞሜትር ተሰቅሏል፤ ገመዳቸው በግድግዳው ቀዳዳ አልፎ ካሰች ክፍል ያለው ኮምፒውተር ላይ ይሰካል። ኮምፒውተሩ በለመድነው ዊንዶውስ ሳይሆን ሊኑክስ በሚባል ሌላ ሥርዓት የሚሠራ፣ አንድ የእርዳታ ፕሮጀክት ጥሎት የሄደ ዕቃ ነው። "ፍሪጅ 1"፣ "ፍሪጅ 2" እያለ የሁለቱንም ሙቀት ቀንና ሌሊት ይመዘግባል፤ አንዱ ከሞቀ ይጮኻል፤ አሮጌው ሁልጊዜ ስለሚሞቅ ግን ጩኸቱን ከለመድነው ቆይተናል።

ወረቀት ላይ ያምራል። ነገር ግን ደብረ ታቦር ላይ መብራት በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚጠፋ ዕቃውን የገጠመው ሰው አልጠየቀም። መብራት ሄዶ ሲመጣ ኮምፒውተሩ እንደገና ይነሣል፤ ሲነሣም ሁለቱን ቴርሞሜትሮች ከዚያ በፊት አይቷቸው እንደማያውቅ ሆኖ አዲስ ስም ያወጣላቸዋል። ቀድሞ የነቃው ዜሮ፣ ተከትሎ የነቃው አንድ ይባላል። ፕሮግራሙ ደግሞ ዜሮ የተባለው ምንጊዜም የፍሪጅ 1 ነው ብሎ ያምናል። ዛሬ የቀኙ ቀድሞ ከነቃ ልክ ነው። ነገ የግራው ከቀደመ ስክሪኑ ደህናውን ፍሪጅ ሞቀ፣ የሞቀውን ቀዘቀዘ ይላል።

ይኼ ሲታወቅ መሥሪያ ቤታችን ምን አደረገ? የመጋዘን ሠራተኛው ጋሼ ጌጡ የፍሪጆቹን ቁጥር ቀየሩ። እውነቴን ነው። በሮቹ ላይ የተለጠፉትን ወረቀቶች ልጠው የግራውን ወደ ቀኝ፣ የቀኙን ወደ ግራ አዛወሩ፤ ስክሪኑና ወረቀቱ ተስማሙ፣ ነገሩ አለቀ። መብራት በሄደ ቁጥር ያዛውራሉ። መጀመሪያ ላይ እንኳ ካሰች ጋ እየደወሉ፣ እጃቸውን ፍሪጁ ውስጥ እየከተቱ ያረጋግጡ ነበር። በኋላ ማረጋገጡም ቀረ፤ መብራት ሄደ ማለት ወረቀት መቀየር ማለት ሆነ።

አቶ ይሻው አሠራሩን ወደዱትና ቅጽ አሳተሙለት። "የመብራት መቋረጥን ተከትሎ የፍሪጅ ቁጥር ስለመስተካከሉ" ይላል፤ ቀን፣ ሰዓት፣ ፊርማ፣ ማኅተም። ከበላይ አካል የመጡ ጎብኚዎች የቅጹን ፋይል ገልጠው "መልካም ተሞክሮ ነው፣ ሌላውም ይማርበት" ብለው ጻፉልን። ያን ቀን ጭብጨባ ነበር፣ ለስላሳም ተከፈተ። እኔም ተዉ ብዬ አልተናገርኩም።

ካሰችን አንገሸገሻት። "ደሜ፣ እያንዳንዱ ዕቃ እኮ ሲሠራ የተሰጠው የራሱ ቁጥር አለው። ለምንድን ነው በቀደመና በዘገየ የሚጠራው?" አለችኝ አንድ ቀን ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ባሕር ዳር ያለ አንድ ባለሙያ ጋ ደወለች፤ "ይኼን ጣሉትና ዊንዶውስ ጫኑበት" ብሎ ዘጋባት። ከዚያ በራሷ ጀመረች። መጀመሪያ በእጇ ፍሪጅ 1 የሚል ስም ፈጥራ ከቀኙ ቴርሞሜትር ጋር አገናኘችው። ሠራ። በማግስቱ መብራት ሄዶ ሲመለስ ስሙ የለም። የዕቃዎቹ ስም የሚቀመጥበት ቦታ ዲስክ ላይ ያለ ሳይሆን ኮምፒውተሩ በተነሣ ቁጥር ከባዶ የሚሠራው ነው፤ በየማለዳው እንደሚጠረግ ጥቁር ሰሌዳ።

ቀጥላ ያንኑ ትዕዛዝ ኮምፒውተሩ ሲነሣ ራሱ እንዲፈጽመው አደረገች። እሱም ሳይውል ሳያድር ጉድ አመጣ። ትዕዛዙ "ዜሮ የተባለውን ፍሪጅ 1 በለው" የሚል ነበርና፣ ዜሮው ሌላ ሆኖ ሲነሣ ስሙን ከማይሆነው ጋር አሰረው። ሁለት ሳምንት ከሥራ ሰዓት ውጭ ስታነብ፣ ስትሞክር፣ ስታበላሽ፣ ስትጠግን ከረመች። እኔ እንጀራ ገዝቼ እያመጣሁ አጠገቧ እቀመጥ ነበር፤ ሌላው ሠራተኛ "ምን የሚሠሩ ይመስላችኋል?" እያለ ያማናል። አስጸያፊ አፍ ነበር ያላቸው።

በመጨረሻ የጻፈችው ሁለት መስመር ብቻ ነው። በአንድ የደንብ ፋይል ውስጥ፣ ይኼ ሴሪያል ቁጥር ያለው ቴርሞሜትር በተሰካ ጊዜ ሁሉ፣ ቀደመም ዘገየም፣ ፍሪጅ 1 የሚል ስም ይሰጠው፤ ያኛው ሴሪያል ቁጥር ያለው ፍሪጅ 2 ይባል ብላ አዘዘች። ፕሮግራሙም ዜሮና አንድ መፈለጉን ትቶ በነዚህ ስሞች እንዲጠራቸው አደረገች። ኮምፒውተሩን አጥፍታ አስነሣች፤ ስሞቹ አሉ። ገመዶቹን ነቅላ አቀያይራ ሰካች፤ አሉ። የመብራቱን ሶኬት ራሱን መነጨቀችው፣ እንደገና ሲነሣ አሁንም አሉ። ከዚያ የንብረት መዝገቡን ይዛ መጋዘን ገባችና ቀኙ ላይ 1፣ ግራው ላይ 2 አድርጋ ወረቀቶቹን በሙጫ ለጠፈች። እንደዚያ ደስ ብሏት አይቻት አላውቅም። በዚያ ግቢ ውስጥ አንድ ነገር ተሠርቶ ሲጸና ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ለአቶ ይሻው ስትነግራቸው "ማን ፈቀደልሽ?" አሏት። በጽሑፍ አምጪ አሏት፤ በጽሑፍ አመጣች፤ ጽሑፉም ጠረጴዛቸው ላይ ከሌሎች ወረቀቶች ሥር ገብቶ ቀረ። ጋሼ ጌጡን ግን ራሷ ሄዳ፣ "ጋሼ፣ ከእንግዲህ መብራት ቢጠፋም ቁጥሩ አይዞርም። ወረቀቱን እንዳትነኩት፣ አደራ" አለቻቸው። "እሺ ልጄ፣ ተባረኪ" አሏት። ቅጹን ግን ማንም አላስቀረውም። በሳምንቱ መብራት ሄደ፤ ቅጹ ቀረበ፤ ጋሼ ጌጡም ከመፈረማቸው በፊት እንደ ልማዳቸው ሙጫውን በሥጋ ቢላዋቸው ፍቀው ወረቀቶቹን አቀያየሩ። ኮምፒውተሩ መርሳቱን ትቶ ነበር፤ ሰውየው ማዛወራቸውን አልተዉም።

የዚያን ሰሞን ከካሰች መንደር ወንዝ ማዶ ባለው ቀበሌ የበግ ፈንጣጣ ገባ። በጎቹ አፍንጫቸውና ከንፈራቸው ይቆስላል፣ ትኩሳት ይይዛቸዋል፣ ያልቃሉ። የወዲህኛው መንደር ተማክሮ ወንዙ ዳር ያለውን፣ ከማዶዎቹ ጋር የሚጋሩትን ሜዳ ዘጋ፤ ሁሉም በጎቹን ደጁ እያሰረ ገለባ ማብላት ጀመረ። ገለባውም እያለቀ ነበር። እማማ እቴነሽ በጎረቤት ስልክ እየደወሉ "መድኃኒቱ መቼ ነው ልጄ? እነዚህ ያንቺ በጎች መነመኑ እኮ" ይሏታል። ካሰችም በየቀኑ አቶ ይሻው በር ላይ ትቆም ነበር።

ክትባቱ አንድ ዓርብ ከሰዓት በኋላ ደረሰ። አቶ ይሻው መጋዘኑ ውስጥ ሆነው በስልክ "ደህናው ፍሪጅ የቱ ነው?" ብለው ጠየቋት። ስክሪኑን አየች፤ አራት ዲግሪ። "አንድ ቁጥር" አለች። እውነቷን ነበር።

ሰኞ ማለዳ አንድ ቁጥር ከሚለው ፍሪጅ ጠርሙሶቹን አውጥቼ ከበረዶ ጋር በሳጥኔ ከተትኩ። ለእጄ አልቀዘቀዙም። ጣቴ አውቆ ነበር። እኔ ግን በሩ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አይቼ፣ መኪናውም እየጠበቀኝ ስለነበር፣ ሳጥኑን ዘጋሁት። ያን ቀን አራት መቶ አሥራ ሁለት በጎች ወጋሁ። የእማማ እቴነሽን አሥራ አንዱን ደግሞ ጊዜ ወስጄ፣ በጥንቃቄ። "ሰውነታቸው እስኪለምደው ሦስት ሳምንት ጠብቁ፣ ከዚያ ሜዳውን ክፈቱ" አልኳቸው። መረቁኝ፤ እንቁላልም አሲያዙኝ፤ ተቀበልኩ።

ሦስቱ ሳምንት በሞላበት ሰኞ ጠዋት ካሰች የወሩን ሪፖርት ስታዘጋጅ ጠራችኝ። ስክሪኑ ላይ የሁለቱ ፍሪጆች የሙቀት ግራፍ ተዘርግቷል፤ በር በተከፈተ ቁጥር መስመሩ ወደ ላይ ይዘላል።

"ያን ሰኞ ክትባቱን ከየት ነው ያወጣኸው?"

"ከአንድ ቁጥር።"

"አንድ ቁጥር ያን ቀን ማለዳ አልተከፈተም" አለች። ጣቷን ወደ ሌላው ግራፍ ወሰደች። "የተከፈተው ሁለት ቁጥር ነው። ከዓርብ እስከ ሰኞ ሃያ ዲግሪ ላይ የቆየው።"

የክትባቱ መመሪያ ከስምንት ዲግሪ በላይ የዋለ ይጣል ይላል። ወደ መጋዘን ሄድን። ወረቀቱ ከዚያ ወዲህ ስንት ጊዜ እንደዞረ እንጃ፤ ዛሬም ግራው ፍሪጅ ላይ ትልቅ 1 ተለጥፏል። ካሰች ቀኙን ከፈተችው፤ ደህና ቅዝቃዜ መጣ፣ ከቅዝቃዜው ጋርም የሥጋ ሽታ። ለክትባቱ በተሠራው መደርደሪያ ላይ የሠራተኛው ሥጋ በየስሙ ተደርድሯል።

"ጋሼ፣ ግራው እንደማይረባ አታውቁም?" አለቻቸው።

"ኧረ አውቃለሁ ልጄ። ግን አቶ ይሻው ቁጥር አንድ ይቀመጥ አሉ፤ ቁጥር አንድ ያለው ይኸው ነው። ሥጋው ከመድኃኒቱ እንዳይነካካ ብዬ እንዲያውም ወደዚያኛው አዛወርኩት።" ቅጹንም አምጥተው አሳዩን። ቀኑ አለ፣ ሰዓቱ አለ፣ ፊርማው አለ። ክፉ ሰው ቢሆኑ ጠልቻቸው እገላገል ነበር። ክፉ አይደሉም።

አቶ ይሻው ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት "ሪፖርቱ እኮ ሄዷል" ነው። አራት መቶ አሥራ ሁለት በግ፣ የዕቅዱ መቶ በመቶ። ከዚያ ወደ ካሰች ዞሩ። "አንቺ ያለ ፈቃድ ያንን ነገር ከመነካካትሽ በፊት ስክሪኑና ወረቀቱ ይስማሙ ነበር። የጻፍሽውን አጥፊና እንደ ድሮው ይሁን።"

"ከፈለጉ ያባርሩኝ እንጂ አላጠፋውም" አለቻቸው። "እዚህ ግቢ ውስጥ ያልዋሸው እሱ ብቻ ነው።"

ሜዳው የሚከፈተው ዛሬ ነውና መኪና ይሰጠን አልኳቸው። መኪናው ለስብሰባ ይፈለጋል አሉ። ክትባቱ መበላሸቱ ተጣርቶ፣ ኮሚቴ አይቶት፣ ከበላይ መመሪያ ሳይመጣ ለገበሬው አንዲት ቃል እንዳንተነፍስም አስጠነቀቁን። ፊታቸው ላይ ልተፋ ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን "እሺ" ብዬ ነው የወጣሁት።

የእማማ እቴነሽ ጎረቤት ስልክ ዝግ ነበር። መነኻሪያ ሄደን ሚኒባስ ያዝን፤ እስኪሞላ አንድ ሰዓት ቆመ። ካሰች በመስኮቱ እያየች ጣቶቿን ትቆጥራለች፤ ኩዌት ያሳለፈቻቸውን ዓመታት ይሁን በጎቹን አልጠየቅኋትም። ስድስት ሰዓት አካባቢ አስፋልቱ ላይ ወረድን።

የእግር መንገዱ የሚያልፈው በጋራው ሜዳ ውስጥ ነው። ሜዳው ተከፍቷል። ከወዲህም ከማዶም የመጡ በጎች ተቀላቅለው ይግጣሉ፤ ከማዶዎቹ መሀል አንዷ አፍንጫዋ እንደቆሰለ አየሁ። ሦስት አራት ሰዎች ከሩቅ እጃቸውን እያነሡ "እንዴት ዋላችሁ! ባለ መድኃኒቱ መጣ!" አሉ። "እግዚአብሔር ይመስገን" አልን። ካሰች ክንዴን ጨብጣ "ቶሎ በል፣ ቶሎ" አለችኝና ዳገቱን ሮጠን ወጣን።

የእማማ እቴነሽ በጎች ገና ከበረት አልወጡም። ጠዋት አንዷ ወልዳ እማማ እሷን ሲያዩ ዘግይተው ነበር። ካሰች የበረቱን መዝጊያ በሁለት እጇ ይዛ ቆጠረቻቸው፤ አሥራ አንዱም አሉ። እዚያው መሬት ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። እናቷ "ምነው ልጄ፣ ምን ሆነሽ? ግቡ እንጂ" ብለው አነሷት፤ እኔንም መደቡ ላይ አስቀምጠው በጣሳ ጠላ ቀዱልኝ።

ካሰች ቆማ ሁሉንም ነገረቻቸው። የፍሪጆቹን ነገር፣ የወረቀቱን፣ በስልክ አንድ ቁጥር ያለችው እሷ መሆኗን፣ ያ የተወጋው ነገር በጎቹን እንደማያድን። እማማ እቴነሽ ሳያቋርጡ ሰሙ።

"በየት በኩል መጣችሁ?" አሉ ስትጨርስ።

"በሜዳው።"

"በጎች ወጥተዋል?"

"ወጥተዋል፣ እምዬ።"

"የማዶዎቹስ?"

"እነሱም አሉ።"

"ታዲያ ነገርሻቸው?"

ካሰች ፊቷን ወደ በሩ አዞረች። እማማ እቴነሽ ወደ እኔ ዞሩ። "አንተስ?"

እኔ ጣሳውን አየሁ።

ዱላቸውን ከግድግዳው አነሡ። "የኔን ለማዳን ቸኩለሽ ነዋ" አሉ በእግራቸው ጫማቸውን እየፈለጉ። "በጎቹ ያንቺ ናቸው፤ ሰዉ ግን የኔ ነው።"

ወጡ። "ለዩ! በጎቻችሁን ለዩ! ያ መድኃኒት መድኃኒት አይደለም!" እያሉ ቁልቁለቱን ሲወርዱ ድምፃቸው ይሰማኛል። ካሰች እንባዋን ሳትጠርግ ተከትላቸው ሮጠች። አራት መቶ አሥራ ሁለቱን የወጋሁት እኔ ጣሳውን እንደያዝኩ መደቡ ላይ ቀረሁ።